ሰላምታ ስንት ሜጋ ይመዝናል?

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ፍሪጃችን ልንገራችሁ። የተነሳሁት ስለ ቢሮው ለማውራት ነበር። ግን ፍሪጁን ሳታውቁ የቢሮ ጥፋቴን ብትሰሙ «ሰው ነው፣ ይሳሳታል» ብላችሁ በቀላሉ ታልፉኛላችሁ። እኔ ደግሞ አንድ ዓይነት ስሕተት ሁለት ጊዜ፣ ያውም በሁለት ወር ልዩነት፣ አስቤና አቅጄ የሠራሁ ሰው ስለሆንኩ እንዲህ በቀላሉ መታለፍ አይገባኝም።

ጅቡቲ ሐምሌ ላይ ምን እንደምትመስል የምታውቁ ታውቋታላችሁ። የማታውቁ ደግሞ የዳቦ ቤት ምድጃ ከፍታችሁ ፊታችሁን አስገቡና አንድ ወዳጃችሁ ከኋላ ፀጉር ማድረቂያ ይያዝላችሁ። በዚያ ወር ካርቲየ 5 ባለው ቤታችን ውስጥ የሚከበር ንብረት ቢኖር ፍሪጁ በር ላይ የተደረደሩት አምስት ጠርሙስ ውሃዎች ናቸው። አንድ ሰሞን እነዚህ ጠርሙሶች ከቀን ወደ ቀን ባዷቸውን መገኘት ጀመሩ። «የጨረስኳቸው እኔ ነኝ» ብሎ የሚያምን ጠፋ። ባለቤቴ ልጆቹን አለች፣ ልጆቹ አያታቸውን አሉ፣ አማቴ ደግሞ እኔን አየት አደረጉ።

እኔ የኮምፒውተር ሰው ነኝ፤ በመረጃ እንጂ በሐሜት አልሠራም። ደብተር ገዝቼ በክር ፍሪጁ በር ላይ አንጠለጠልኩና አዋጅ አወጣሁ፦ «ፍሪጅ የከፈተ ሁሉ ስሙን፣ ሰዓቱን፣ የጠጣውን መጠንና የጠጣበትን ምክንያት ይጻፍ።»

ቤተሰቤ ታዛዥ ነው፤ ጻፈ። የፍሪጁን በር ወለል አድርጎ፣ ቅዝቃዜው ደረቱን እያራሰው፣ ቀስ ብሎ፣ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፈ። አማቴማ ከዕለቱ ቀን ጋር የዕለቱን ታቦት ጨምረው ነበር የሚጽፉት። በሦስተኛው ቀን ፍሪጁ ውስጥ ያለው ውሃ ሻይ ሊፈላበት ጥቂት የቀረው ሆነ። ባለቤቴ የደብተሩን ክር በመቀስ ቆረጠችና፦

«ሌባውን አገኘሁት» አለች።

«ማን ነው?»

«ደብተርህ።»

በቃ፣ ፍሪጁ ይኸው ነው። አሁን ወደ ቢሮ እንሂድ።

የምሠራው ሄሮን አካባቢ ከሚገኝ አንድ የትራንዚት ቢሮ ነው። ዕቃ በመርከብ ይመጣል፤ እኛ ወረቀቱን እንጨርሳለን፤ ኮንቴይነሩ መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ኢትዮጵያ ያቀናል። የቢሮው ባለቤት ማዳም ኸድራ ይባላሉ። ጅቡቲያዊት ናቸው፤ ግን ድሬዳዋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል፣ በተለይ ሲቆጡ። ከላይኛው ፎቅ ካለው ክፍላቸው እምብዛም አይወርዱም። ሲወርዱ ደግሞ የተረከዛቸው ድምፅ ከሳቸው ቀድሞ ስለሚደርስ ሁሉም ሰው ሥራ ላይ ሆኖ ይጠብቃቸዋል።

ሁለት ቦታ ነው ያለነው። ሄሮን ያለው ዋናው ቢሮ ወረቀት ይሠራል። ወደቡ በር አጠገብ ደግሞ አንዲት ቆርቆሮ ቤት አለችን፤ እሷ ውስጥ አብዲ ከነባልደረቦቹ ተቀምጦ መኪና ያስመዝናል። ሁለቱን የሚያገናኘው አንድ የመረጃ ቋት ነው፤ የኮንቴይነሩ ቁጥር፣ የባለቤቱ ስም፣ የሹፌሩ ስም፣ ክብደቱ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው። ቋቱ የሚኖርበት አሮጌ ሰርቨር መካከለኛው ፎቅ ካለው ክፍሌ ጥግ ቆሟል። «ሽማግሌው» ነው የምለው። ስምንት ጊጋ ሜሞሪ አለው፤ ስድስቱን ለዕለት ኑሮው ይፈልጋታል፤ በተረፈችው ሁለት ጊጋ ነው የሚተነፍሰው። በክፍሉ ካለው ክሊም፣ ማለትም አየር ማቀዝቀዣ፣ ሥር ነው ያስቀመጥኩት። እኔ ሲሞቀኝ ወደ እሱ ጠጋ እላለሁ። ከሁለታችን ክሊም የተገዛለት ማን እንደሆነ ደህና አድርጌ አውቃለሁ።

ሽማግሌው ጠዋት ጠዋት መንቀራፈፍ ጀመረ። ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ የአንዱን ኮንቴይነር መውጫ ወረቀት ለማውጣት ሹፌሩ ጢሙ እስኪያድግ ይጠብቃል። አንድ እሑድ ጠዋት (እዚህ የሥራ ሳምንት የሚጀምረው እሑድ ነው) ማዳም ኸድራ አስጠሩኝ። እዚህ የኮምፒውተር ሰው ስሙ «ኢንፎርማቲክ» ነው።

«አንተ ኢንፎርማቲክ፣ መኪኖቼ ፀሐይ ላይ ቆመዋል።»

«ሽማግሌው ነው ማዳም፣ እየከበደው ነው።»

«ሽማግሌው ምንም አልሆነም። እዚህ ቤት ፊልም የሚያይ ሰው አለ። ወይ የሚጫወት። የግል ስልክ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ ካልኩ ወዲህ ኮምፒውተሩ ላይ ወጥተውበታል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እኔ ዘነበችን ነው የምጠረጥረው። ኮምፒውተሯን እያየች ፈገግ ትላለች። የጉምሩክ ወረቀት የሚሠራ ሰው ምን አይቶ ነው ፈገግ የሚለው?»

እትዬ ዘነበችን ላስተዋውቃችሁ። አባቷ የባቡር ሰው ነበሩ፤ እሷ እዚሁ ካርቲየ 3 ተወልዳ እዚሁ ነው ያረጀችው። አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ጀምራ፣ በፈረንሳይኛ አሳድጋ፣ በሶማልኛ ትድረዋለች። የሞተ ሰው መልክ ያለውን የጉምሩክ ፎርም ሁሉ ነፍስ ዘርታበት የምታስነሳ ሰው ናት። ጡረታ ለመውጣት ስምንት ወር ቀርቷታል።

«እስከ ሐሙስ ቀትር አንድ ስም አምጣልኝ» አሉ ማዳም። «የሰውየው ወይም የሴትየዋ ስም። ስሟ የመጣባት የሚቀጥለው እሑድ በዚህ በር አትገባም።»

«ስሟ» ብለው በሴት እንደጨረሱ ልብ አላችሁልኝ? እኔ ልብ ብያለሁ። ግን ምን ላድርግ፤ የፍሪጁ ደብተር ታወሰኝና በሐዘን ፋንታ ደስታ ተሰማኝ።

«ማዳም፣ ቋቱ ላይ ዝርዝር የጥያቄ ስታቲስቲክስ ልክፈትበት። ማን ምን ጠየቀ፣ ከየትኛው ኮምፒውተር፣ በስንት ሰዓት፣ መልሱን ለማምጣት ስንት ጊዜ ፈጀ፣ ሽማግሌው መልሱን ፍለጋ የት የት ዞረ፣ ሁሉንም በሜሞሪው ይዞ ይጠብቀኛል።»

ማዳም ኸድራ ዕድሜ ልካቸውን ሚዛን ላይ መኪና ሲያስወጡና ሲያስወርዱ የኖሩ ሰው ናቸው።

«ስንት ይመዝናል?» አሉኝ።

«ምኑ?»

«የምትጭነው። ሜሞሪው ላይ።»

«ኧረ ምንም አይመዝን! እኛ የምንጠይቀው ጥያቄ ዓይነቱ ቢበዛ መቶ ነው። የአንዱ መዝገብ ሃያ ኪሎባይት ብንል፣ ሁሉ ተደምሮ ሁለት ሜጋ አይሞላም። ሃያ ስምንት ቶን የጫነ መኪና ላይ ዝንብ እንዳረፈች ቁጠሩት።»

«ዜሮ የሚመዝን ዕቃ በሠላሳ ዓመት አላየሁም» አሉ። «ዝንቧ ሻንጣ ይዛ እንደሆነ አይተሃል?»

ሳቅኩ። ያን ሳቅ አሁን ባገኘው ጥርሱን አረግፈው ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ስታቲስቲክሱ በተለመደው መንገድ ቢከፈት ሒሳቤ ትክክል ነው። መቶ ሰው ስለ መቶ ኮንቴይነር ቢጠይቅ «የኮንቴይነር ጥያቄ» ብሎ አንድ መስመር ላይ ያጠራቅመዋል። እኔ ግን ስም አምጣ ተብያለሁ። ማስረጃ እፈልጋለሁ። ስለዚህ «አታጠራቅም፤ እያንዳንዱን ቃል እንዳለ ያዝ» አልኩት። «ምን ያህል ይያዝ?» የሚል ቦታ ነበረች፤ እዚያች ላይ ዜሮ ጻፍኩባት። በዚያ ቤት ዜሮ ማለት «ገደብ የለም» ማለት ነው። የፍሪጁ በር እንዲህ ወለል አድርጎ ተከፈተ።

ሰኞ ጠዋት ገብቼ ስከፍተው ዝንቧ ሦስት መቶ ሜጋ ሆናለች።

ቁጭ አልኩ። መዝገቡን ከፈትኩና የመጀመሪያዎቹን ጥያቄዎች ማንበብ ጀመርኩ። እንዲህ ይላሉ፦

አብዲ
አብዲ እን
አብዲ እንዴት
አብዲ እንዴት አደርክ
አብዲ እንዴት አደርክ ቤት
አብዲ እንዴት አደርክ ቤት እንዴት

እንዲህ እያለ ሦስት ገጽ ይወርዳል። መጨረሻው ላይ ሙሉው ተቀምጧል፦ «አብዲ እንዴት አደርክ፣ ቤት እንዴት አደሩ፣ የባለቤትህ እግር እብጠቱ ቀነሰላት ወይ፣ ወለደች እንዴ፣ ያንተስ ጉንፋን?» ከእትዬ ዘነበች ኮምፒውተር። የተገኘ ውጤት፦ ዜሮ።

ከዚያ ከወደብ ቆርቆሮ ቤት፦ «አልሐምዱሊላህ እትዬ፣ አልወለደችም፣ ዶክተሩ ይህ ሳምንት ነው አለ፣ አንቺስ ወገብሽ?» ይኸውም ፊደል በፊደል፣ ደረጃ በደረጃ። የተገኘ ውጤት፦ ዜሮ።

ጉዱ የገባኝ ያኔ ነው። የፍለጋ ሳጥኑን የሠራሁት እኔ ነኝ። ሰው የኮንቴይነር ቁጥር መጻፍ ሲጀምር፣ ገና ሳይጨርስ፣ ሽማግሌው በየፊደሉ እየሮጠ እንዲፈልግለት ያደረግኩት እኔ ነኝ፤ እንዲያውም በዚህ ሥራዬ እኮራ ነበር። ከሳጥኑ ሥር ደግሞ «የቅርብ ፍለጋዎች» የሚል ዝርዝር አለ፤ ሁለት ሰው አንድን ኮንቴይነር እንዳያሳድድ ብዬ ለሁሉም እንዲታይ ያደረግኩት ነው። ስልክ መሳቢያ ሲገባባቸው ሰዎቹ ይህችን ዝርዝር አገኟት። ሄሮን የተጻፈው ወዲያው ወደብ ይታያል። እኔ ከጓዳ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ የፍለጋውን ገጽ ከፍቼው አላውቅም። ወጥ ሠሪ የሳሎኑን ወሬ የት ይሰማል?

እስቲ የሽማግሌውን ስቃይ አስቡት። «ወገብሽ እንዴት ነው» የሚባል ኮንቴይነር ፍለጋ የስንት ዓመት ጎማ፣ ሲሚንቶ፣ መኮሮኒና ብረት ሲያገላብጥ! «ወ» ሲባል ተነሥቶ ይሮጣል፤ «ወገ» ሲባል እንደገና ይሮጣል፤ ሃያ ሰው ጠዋት ጠዋት ቤተ ሰብ ከነጎረቤት እየተጠያየቀ፣ እሱ አንዱንም ሳያገኝ። እኔ ደግሞ በዚህ ላይ እያንዳንዷን እርምጃውን ጻፍ ብዬዋለሁ።

ወደ እትዬ ዘነበች ጠረጴዛ ወረድኩ። በእርግጥም ኮምፒውተሯን እያየች ፈገግ ብላለች።

«እትዬ፣ ያ ሳጥን የኮንቴይነር መፈለጊያ ነው።»

«አውቃለሁ ወንድምዬ።»

«አብዲ ኮንቴይነር ነው?»

«ኧረ ተው! አንተ ደግሞ። ጠዋት ሰው ሳልጠይቅ ሥራ ልጀምር? ምን፣ ከብት ነኝ?»

«ውጤት አልተገኘም ይልሻል እኮ።»

«ይበለኛ! እኔ ከእሱ ምን ፈልጌ? አብዲ ካየው በቃኝ።» ወደ እኔ ዞር አለች። «ደሞ ባዶ ሰላምታ እንዳይመስልህ። ባለፈው ሚዛኑ ተሰብሯል ያለኝ በዚሁ ነው። አሥራ አንድ መኪና ባለበት አቆምኩ፤ ፀሐይ ላይ እንዳይሰለፉ። ሰው ጤናውን ስትጠይቀው የሥራውንም ይነግርሃል። ቁጥር ብቻ ስትልክለት ቁጥር ነው የሚመልስልህ።»

ልነግራት አልፈለግኩም ነበር፤ ግን ነገርኳት። ማዳም ስም እንዳሉ፣ ሐሙስ እንዳሉ፣ ስሟ በመዝገቡ አናት ላይ እንዳለ። ፈገግታዋ ቀስ ብሎ ወረደ። የመነጽሯን መስታወት በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ጠርጋ ጨርሳ እንደገና ጠረገች።

«ስምንት ወር ነው የቀረኝ» አለች።

«አውቃለሁ። እስከ ሐሙስ ዝም በይ። የቀረውን ለእኔ ተይው።»

«የቀረውን ለእኔ ተይው» ስል ደረቴን መትቼ ነበር። እስከ ዛሬ ያመኛል።

ማክሰኞ እትዬ ዘነበች ዝም አለች። እኔም ስታቲስቲክሱን ከፍቼ ሜሞሪው ሲረጋጋ ለማየት ተመቻችቼ ተቀመጥኩ። የሆነውን እናንተ ቀድማችሁኛል፤ የአገራችሁን ሰው ታውቁታላችሁ። አንድ ሰዓት ተኩል ሆኖ የእትዬ ዘነበች ሰላምታ ሲቀር፣ ወደብ ተረበሸ።

«እትዬ ዘነበች ምነው ጠፋሽ?» ከአብዲ። «እትዬ ታመሙ እንዴ?» ከአብዲ ባልደረባ። «ዘነበች ምን ሆና ነው?» ከሒሳብ ክፍል፣ አምስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጣ ከምታያት ሴት! «እዚህ ናት፣ ግን ዝም ብላለች።» «ማን ሞቶባት ነው?» «ኧረ ማንም አልሞተ።» «ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» «ለቅሶ የት ነው?» ይኼ ሁሉ ፊደል በፊደል። አብዲ ለብቻው አንድ አንቀጽ ጻፈ፤ ባለቤቱ ከሆስፒታል ሆና እትዬን ሰላም በልልኝ እንዳለችው፣ ዶክተሩ ምጡ ቀርቧል እንዳላት፣ እትዬ ካዘነች ግን እሱም እንደማይደሰት።

እትዬ ዘነበች አንብባ እንባዋ መጣ። አልመለሰችም፤ ቃሏን ጠበቀች። እኔ ነኝ ሄጄ በእሷ ፋንታ ሳጥኑ ውስጥ «ደህና ናት» ብዬ የጻፍኩት። ሽማግሌው ስለ ጤንነቷ ኮንቴይነሮቹን ሁሉ ጠይቆ «ምንም ውጤት አልተገኘም» አለኝ።

ቀትር ላይ ዝንቧ አንድ ጊጋ ተኩል ደረሰች። አስተዋይ ሰው ያን ጊዜ ስታቲስቲክሱን ይዘጋዋል። እኔ ግን ማንበብ ጀምሬ ነበር! የሰው ሰላምታ እንደ ልብ አንጠልጣይ ልብ ወለድ ይዞኝ፣ «ወለደች ይሆን?» እያልኩ በየሁለት ደቂቃው እየከፈትኩ አየው ነበር። የእኔም መክፈት ጥያቄ ነው፤ እሱም ይመዘገባል። ደብተሩን ለማንበብ ፍሪጁን የሚከፍት ሰው ሆንኩ።

ረቡዕ አምስት ሰዓት ላይ ሽማግሌው ወደቀ።

ጮኾ ቢወድቅ ደስ ባለኝ። ዝም ብሎ ነው የጨለመው። ከታች «ኢንፎርማቲክ!» የሚል ጩኸት በአራት ቋንቋ ተነሣ። ወደብ በር ላይ ሠላሳ መኪና ተሰልፏል፤ ሹፌሮቹ ከመኪናቸው ጥላ ሥር እንደ ድመት ተኝተዋል፤ አንዱማ ከዚያ ድረስ መጥቶ የሸሚዙን ላብ ምንጣፌ ላይ ጨምቆ አሳየኝ። እኔ በአንድ እጄ ሽማግሌውን በፋይል ክዳን እያራገብኩ፣ በሌላው እጄ ቁልፉን እየተጫንኩ፣ በአፌ ደግሞ ለመላእክት ስለት እየገባሁ ነበር።

ያን ቀን መኪኖቹን ያስወጣችው ማን እንደሆነች ልንገራችሁ? እትዬ ዘነበች ናት። ሹፌሮቹን ከወደብ ወደ ቢሮ አስጠርታ፣ መደርደሪያው ላይ አቧራ የጠጣ የድሮ ባለ ካርቦን የመውጫ ወረቀት ጥራዝ አወረደች፤ ቁጥሩን በቃሏ የምታውቀውን በቃሏ፣ የማታውቀውን ከሹፌሩ አፍ እየተቀበለች በእጇ ጻፈች። ለእያንዳንዱ ሹፌር፣ ያ ሁሉ ሰው ተሰልፎ፣ «መንገድ እንዴት ነው የኔ ልጅ፣ ውሃ ጠጣህ?» ሳትል ወረቀት አልሰጠችም። እንዲያም ሆኖ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፉ አለቀ። ማዳም ኸድራ ከደረጃው ላይ ቆመው አዩ። ከዚያ ተረከዛቸው ወደ ላይ ተመለሰ።

ሽማግሌው ሲነቃ፣ ከመውደቁ በፊት መዝገቡን እንዳለ ዲስክ ላይ ገልብጦ የተዋትን የመጨረሻ ሪፖርት አነበብኩ። ሜሞሪውን የበላው ማን ነው? አንደኛ፦ ስታቲስቲክሱ ራሱ። ባለቤቴ መቀሷን ይዛ ከኋላዬ የቆመች መሰለኝ።

ሁለተኛውን ሳይ ግን መነጽሬን አወለቅኩና እንደገና አደረግኩ። በሦስቱ ቀን ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ጥያቄ ሰላምታ አይደለም። «የቅርብ ፍለጋዎች» የሚለውን ዝርዝር የመክፈት ጥያቄ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ይጀምራል፣ በየግማሽ ደቂቃው እየታደሰ እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል። አንድም ቃል ጽፎ አያውቅም። ያነባል ብቻ። የሚመጣው ከአንድ ኮምፒውተር ነው፤ ከላይኛው ፎቅ።

ረጅም ሰዓት እዚያች መስመር ላይ ቀረሁ። ሃያ ሰው በየማለዳው እርስ በርሱ ሲጠያየቅ፣ የባለቤትህ እግር፣ የወገብሽ ነገር ሲባባል፣ ላይ ቤት አንዲት ሴት ብቻዋን ተቀምጣ ታነባለች። ከሦስት ቀን መዝገብ ውስጥ የእሳቸውን ስም ጠርቶ እንዴት አደሩ ያለ ሰው ፈለግኩ። የተገኘ ውጤት፦ ዜሮ።

ሐሙስ ቀትር ሲደርስ አንድ ወረቀት ይዤ ወጣሁ።

«ስሙን አመጣህ?»

«አመጣሁ ማዳም።» ወረቀቱን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። የተጻፈው የእኔ ስም ነው።

አነበቡት። ገለበጡት፤ ከጀርባው ምንም የለም።

«ትቀልዳለህ?»

«ሌላ ጊዜ እቀልዳለሁ። ሽማግሌውን የጣለው የእኔ ስታቲስቲክስ ነው። ሁለት ሜጋ ብዬዎት ሁለት ጊጋ ጫንኩበት። ፍለጋው በየፊደሉ እንዲሮጥ ያደረግኩትም እኔ ነኝ፤ ጠዋት የሚያዘገየው እሱ ነው፤ አሁን አስተካክዬዋለሁ። ፊልም የሚያይ የለም። የሚጫወት የለም።»

«ዘነበችስ?»

«እትዬ ዘነበች ትናንት ሠላሳ መኪና በእስክሪብቶ አስወጥታለች።»

«እሱን አይቻለሁ። የጠየቅኩህ ሌላ ነው።» እስክሪብቷቸውን አነሡ፣ አስቀመጡ። «በመዝገብህ ውስጥ ሁሉም አለ፤ አይደል? ማን ምን እንደከፈተ።»

«ነበረ ማዳም። ሽማግሌው ሲወድቅ አብሮ ጠፋ።»

ይህ ውሸት ነበር። ከዋሸሁት ሁሉ ግን እንደዚህኛው የተመቸኝ የለም። ማዳም ኸድራ አዩኝ፤ ድሬዳዋ ያደገ ሰው የሚዋሽን ሰው ሲያይ እንደሚያየው። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ወደ ባሕሩ ዞር አሉና፣ ለመስኮቱ የሚናገሩ ይመስል፦

«ታዲያ የአብዲ ሚስት ወለደች?» አሉ።

የአብዲ ሚስት እርጉዝ መሆኗን ማን እንደነገራቸው አልጠየቅኩም። እሳቸውም ምን እንዳሉ የገባቸው ካሉት በኋላ ነው፤ ጆሯቸው ጫፍ ድረስ ቀሉ።

«ገና ነው መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም» አልኩ። «ማዳም፣ አንዲት ትንሽ ገጽ ልሥራ? ለሰላምታ ብቻ። ኮንቴይነሮቹን ሳትነካ። የዕለቱን ብቻ ይዛ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የዕለቱ ጫት ከተማ ገብቶ ሰው ሲበተን፣ ራሷን ታጠፋለች።»

«ስንት ትመዝናለች?»

«ትመዝናለች ማዳም። ዛሬ መዝኛታለሁ። በጣም ትንሽ ናት፤ ግን ዜሮ አይደለችም።»

«አሁን ሰው ሆንክ» አሉ። «ደሞ አንተን ባባርርህ ያንን ሽማግሌ ማን ያራግብለታል? ውጣልኝ።» በሩ ጋ ስደርስ ጠሩኝ። «ዘነበችን ስምንት ወሯ ሲያልቅ ማን እንደሚተካት ታስብበት በላት። የሚያሠለጥንልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

ደረጃውን በሁለት በሁለት ወረድኩ፤ ለእኔ ሆድ ይህ ቀላል አይደለም። እትዬ ዘነበችን ነገርኳት። አቅፋ ሳመችኝ፣ መነጽሯን ጠረገች፣ ከዚያ የአብዲ ሚስት መጀመሪያ ትውለድ እንጂ ለሌላው ይደረስበታል አለች። አንድ ነገር ብቻ ጨመርኩላት፦ «እሑድ ስትጀምሪ የላይኛውን ፎቅ አትርሺ።» ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። ይህች ሴት የጉምሩክ ወረቀት ላይ ስንት ዓመት አሳልፋለች፤ ያልተጻፈ ታነባለች።

እሑድ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አዲሷ ገጽ ተከፈተች። የመጀመሪያዋ መስመር የእትዬ ዘነበች ናት፦ «እንዴት አደራችሁ፣ ወደብ እንዴት ናችሁ፣ አብዲ ምን ተገኘ? ማዳም ኸድራ እንዴት አደሩ? ያ ጉልበትዎ በደረጃው አልባሰብዎትም?»

የፊደል መጫኛው ድምፅ ሁሉ ቆመ። ከላይኛው ፎቅ ለሁለት ደቂቃ ምንም አልመጣም። ከዚያ መጣ፦ «ሥራ ላይ ናችሁ ወይስ ሰርግ ቤት?»

ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። እኔም እትዬ ዘነበችን የሚያድን ሌላ ውሸት መፈለግ ጀመርኩ። ሌላ ደቂቃ አለፈና አንድ መስመር ተጨመረ፦ «ደህና ነኝ ዘነበች። ጉልበቴ ያው ነው። አብዲ መልስ እንጂ፣ ሰው ይጨነቃል።»

አብዲ መለሰ። ሴት ናት፤ ሦስት ኪሎ ተኩል፤ ወደብ ሚዛን ላይ ሳይሆን ሆስፒታል ነው የተመዘነችው፣ እንዳትጠራጠሩ። ከዚያ በኋላ የመጣውን እልልታ ልጽፈው አልችልም፤ ግን መኪኖቹ በሰዓታቸው ወጥተዋል፣ ሽማግሌውንም ሳል አልያዘውም።

ሰባት ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው፣ ገጿ ራሷን ልታጠፋ ስትል፣ ኮሪደሩ ላይ ያለው ማተሚያ ተነሥቶ አንድ ወረቀት አወጣ። የሰላምታው ገጽ ነው። ላነሣው እጄን ስዘረጋ ተረከዝ ሰማሁ። ማዳም ኸድራ ቀድመውኝ አነሡት፤ አራት ላይ አጠፉትና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኔን አዩኝ።

«ይኼስ ሜሞሪ ይበላል?»

«አይ፣ ይኼ ምንም አይበላም ማዳም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ምን ታፈጣለህ?» አሉና ደረጃውን ቀስ እያሉ፣ ጉልበታቸውን ይዘው፣ ወረዱ።